አሥራ ሁለት ቀን የደበቅሁት መርዶ

ጡረታ የወጣሁት በደብዳቤ አይደለም፤ በጥርስ ነው። ሁለቱ የላይ የፊት ጥርሶቼ መነቃነቅ ከጀመሩ ቆይተው ነበር። ትራምፔት ነፊ ጥርሱ ሲነቃነቅ ለማንም አይናገርም፤ ከፍ ያለውን ኖታ ለሌላ ሰው እየሰጠ፣ የራሱን ዝቅ እያደረገ ያዘግማል። እኔም ሁለት ዓመት እንዲያ አዘገምሁ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት የጥርስ ሐኪም አፌን ከፍታ አየችና «አባባ፣ እነዚህ እንኳ የሚቆዩ አይደሉም» አለችኝ። አባባ ስባል ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ። ነቅላ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ትራምፔቴ ደብረ ታቦር ባለው ቤቴ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል።

የአገሬ ሰው ግን ሲያገኘኝ የሚያነሣብኝ አልበሙን ነው። «ውጭ አገር ሄዶ ያስቀረጸው የእኛ ልጅ» እያሉ ለእንግዳ ያስተዋውቁኛል። አንዳንዱ እንዲያውም ስልኩን አውጥቶ ያስደምጠኛል፤ እኔው የነፋሁትን ለእኔው። ፈገግ እላለሁ፤ ምን አደርጋለሁ? አልበሙ እንዴት እንደተሠራ ከነምሥጢሩ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው አይጽፉም። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ሥራ የጀመርሁት በፖሊስ ሙዚቃ ክፍል ነው። መልማዮቹ ደብረ ታቦር መጥተው ከንፈሬን ገልብጠው፣ ጥርሴን ቆጥረው ወሰዱኝ፤ በሬ የሚገዛ ሰው እንደሚያደርገው። መጀመሪያ ባሕር ዳር፣ ቀጥሎ መልሰው ደብረ ታቦር መደቡኝ። ደመወዙ ለአንድ ሰው ራት የምትበቃ ነበረች፤ እኔም አንድ ሰው ነበርሁና አላማረርሁም። አለቃችን አንድ ሻለቃ ነበሩ፤ ከማርሽ በቀር ሌላ ሙዚቃ ያለ አይመስላቸውም። አንድ ቀን በልምምድ መሀል ጃዝ ሲሰሙ ገቡና «ይሄ ምንድን ነው? ሰልፈኛው እግሩን የት ያሳርፍ?» አሉ። እውነትም የሚያሳርፍበት አልነበረውም።

የትንፋሽ መሣሪያ አሠልጣኛችን ጋሽ አዱኛ ነበሩ። የእብናት ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለው፣ ዜማ ቤት ገብተው፣ ጾመ ድጓ ላይ ሲደርሱ ጥለው ፖሊስ የገቡ። ለምን እንደጣሉ ሲጠየቁ «ሳክስፎን አየሁ» ብቻ ነው የሚሉት። ዜማ ቤቱ ግን ከእጃቸው አልወጣም። ኖታውን እንደ ሰው በአምስት መስመር ይጽፉና ከላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የዜማ ምልክት ያደርጉበታል፤ እዚህ ይዘት፣ እዚያ ርክርክ። ይዘት ያለበት ላይ ድምፁን ቆንጠጥ አድርገን እንይዛለን፤ ርክርክ ያለበት ላይ እናንቀጠቅጠዋለን። ከዓመታት በኋላ የፈረንጅ ሙዚቀኞች ያን ወረቀት እያገላበጡ «ይህ ቀዩ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ማስረዳት አቅቶኛል።

ትንፋሽ የሚያስተምሩን በጧፍ ነበር። ጧፉን ያበሩና ከአፋችን አንድ ክንድ አርቀው ያቆሙታል። እሳቱን ሳናጠፋ አጋድመን፣ እሳቸው ሠላሳ እስኪቆጥሩ ማቆየት አለብን። ሲቆጥሩ ደግሞ አይቸኩሉም። ያጠፋ ሰው የነገውን ጧፍ ይገዛል። ደብረ ታቦር ላይ ከጉና የሚወርደው ብርድ የጠዋት ሰልፍ ላይ ብረቱን ከከንፈር ጋር ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ ከንፈር የሚያርፍባትን የትራምፔቱን አፍ ነቅለን፣ እስክንሰለፍ ድረስ ብብታችን ሥር እንድንይዛት ያደረጉን እሳቸው ናቸው። ዛሬም ብርድ ሲሆን እጄ ሳላስበው ወደ ብብቴ ይሄዳል።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ከእያንዳንዱ ዝግጅት በኋላ፣ ጭብጨባው ሳይበርድ፣ የሳክስፎን ሣጥናቸው ላይ ቁጭ ይሉና «ዛሬ ያጠፋሁት ይሄን ነው» ብለው የራሳቸውን ስሕተት ይናገራሉ። ማንም ያልሰማውን ስሕተት! ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተስ ደሳለኝ?» ይሉኛል። መዋሸት አይቻልም፤ ሰምተውታላ። እኔን ሙዚቀኛ ያደረገኝ ጧፉ ሳይሆን ያ ጥያቄ ነው።

ባለቤታቸው ቀደም ብለው ስላረፉ አንዲት ልጃቸውን ጥሩወርቅን ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ልምምድ ቤቱ ውስጥ፣ በከበሮው አጠገብ በተነጠፈ ጋቢ ላይ እየተኛች ነው ያደገችው። የዚያን ሁሉ ነሐስ ጩኸት አትነቃበትም፤ ዝም ስንል ነበር የምትነቃው። እኔም ብዙ ጊዜ አዝዬአታለሁ። ከፍ ስትል እብናት ላይ አስተማሪ ሆነች፣ አገባች፣ ብዙ ዓመት ልጅ ሳታገኝ ቆየች። ከስንት ስለት በኋላ ያረገዘች ጊዜ ጋሽ አዱኛ አዲስ አበባ ድረስ ደውለው «ደሴ፣ እንግዳ ሊመጣብን ነው» አሉኝ።

እኔ ያን ጊዜ ከፖሊስ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። አዲስ አበባ በየሆቴሉ ስነፋ፣ ከአራት ሰዎች ጋር ቡድን አቋቁሜ ወደ ውጭ መጋበዝ ጀምሬ ነበር። ሦስት ሳምንት በሆላንድና በጀርመን እንድንጫወት ጥሪ መጣ። በመካከሉም አንድ አነስተኛ የሙዚቃ አሳታሚ ሁለት ቀን ስቱዲዮ ከፍሎልኝ በስሜ አልበም ሊያወጣልኝ ተስማማ። በስሜ! ሠላሳ ዓመት ከሰው ጀርባ ቆሜ ነፍቻለሁ። አልበሙን ያሰብሁት በሁለት ድምፅ፣ በእኔ ትራምፔትና በጋሽ አዱኛ ሳክስፎን ነበር። እሳቸው ጡረታ ላይ ነበሩ፤ ለመንኋቸው። «ልጄ ልትወልድ ነው፣ አልሄድም» አሉ። እሷው ናት የገፋፋቻቸው። «ይሂዱ አባዬ፣ ተመልሰው ከመጡ በኋላ ነው የምወልደው» አለቻቸው። የእሷን ቃል ይዘው ተነሡ።

ጉዞው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጀርመን ውስጥ ባረፍንበት ቤት ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የጋሽ አዱኛ ስልክ እዚያ አገር አይሠራም፤ ለሁላችንም የሚደወለው በእኔ ነበር። የደወሉት ቄስ እንየው ናቸው፣ የጥሩወርቅ አጎት።

«ደሳለኝ፣ ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ አባ።»

«ጥሩወርቅ አረፈች። ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ያዛት፤ ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር ስናመጣት ከመንገድ። ሕፃኗም አልተረፈች። ዛሬ እንቀብራቸዋለን።»

አባ እንየው ድምፃቸው አልተሰበረም፤ ቄስ አይደሉ፣ ለምደውታል።

«እዚያ ባዕድ አገር እንዳትነግረው። ማን ይደግፈዋል? ሰበብ ፈልግና ቶሎ ይዘኸው ና። ለሰልስቷ ባይደርስ እንኳ ለሰባቷ ይድረስልን።»

«እሺ አባ» አልሁ።

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰውየው ቤቱ ይገባል፣ ይበላል፣ ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤቱ ከቄስ ጋር መጥቶ በሰው መሀል ይነግረዋል፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ስለሚያስፈልግ። ደግ ልማድ ነው። እኔ ግን ከልማዱ ግማሹን ብቻ ወሰድሁ። ዝም በል የሚለውን ወሰድሁ፤ ይዘኸው ና የሚለውን ተውሁ።

ሰበብ አላጣሁም። ታመምሁ ማለት እችል ነበር። ስቱዲዮው ተሰረዘ ማለት እችል ነበር። ለቀሩት የቡድኑ ልጆች እውነቱን ብነግራቸው በዚያው ዕለት ሻንጣ ይሸክሙልኝ ነበር። ስቱዲዮው ለዓርብና ለቅዳሜ ነበር የተያዘው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ያሰብሁት ይሄን ነው፤ ዛሬ ብንነሣም ቀብሯ ላይ አንደርስም፤ ካልደረስን ደግሞ ጥቂት ቀን ምን ለውጥ አለው? ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ፈጣን ነው! ጋሽ አዱኛ ከክፍላቸው ወጥተው «ማን ነው የደወለው?» አሉኝ። «የአዳራሹ ሰዎች ናቸው ጋሼ» አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው «እስቲ እብናት ሞክርልኝ» ይሉኛል። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጥቂት እቆይና «መስመር የለም ጋሼ» እላለሁ። በዚያ ሰሞን እብናት መስመር እየጠፋ ስለነበር አልጠረጠሩም። «እሷ ትጨነቃለች እንጂ፣ እኔስ ደኅና ነኝ» ይሉ ነበር። እንጀራ በሌለበት ያገኙትን እየበሉ እንዳይታመሙባት፣ ስትለያቸው አደራ ብላቸው ነበርና።

ዓርብ ገባን። ስቱዲዮው ከዚያ በፊት እህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ድምፅ አንሥቶ ቀስ ብሎ የሚያወርድ። ድምፅ ቀራጩ ለእያንዳንዳችን ጠባብ የመስታወት ክፍል ሊሰጠን ፈልጎ ነበር። ጋሽ አዱኛ እንቢ አሉ። «ትንፋሹን ካላየሁት መቼ እንደሚገባ በምን አውቃለሁ?» ብለው ከእኔ ፊት ለፊት፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሙ። በአምባሰልና በባቲ የተሠሩ አራት ዜማዎችን ቀረጽን። እንዲያ ነፍቼ አላውቅም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ሐዘኑ ደረቴ ውስጥ ነበር፣ ድምፄንም አወፈረው፤ እኔም ይህን እየሰማሁ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ የመጨረሻውን ዜማ ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው። በሆላንድ ባቡር ላይ የጻፉት ነው፤ ከላዩ ቀይ ምልክት ሞልቶበታል። ስሙን «የእብናት እንግዳ» አሉት። ለምትወለደው የልጅ ልጃቸው። ወረቀቱን ተቀብዬ እጄን ብብቴ ሥር ስለከተትሁ «በርዶሃል?» ብለው የለበሱትን ጋቢ አወለቁልኝ። ለበስሁት። ቀረጻው ሲጀመር፣ ድራመሩ ሊቆጥርልን ዱላውን ሲያነሣ፣ ጋሽ አዱኛ አላስችል ብሏቸው ጮኹ፤ «እልል በሉ እንጂ፣ አያት ልሆን ነው!» ከዚያ ነፉ። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ የሃያ ዓመት ልጅ ትንፋሽ ነበራቸው። በአንድ ጊዜ አለቀ፤ ድገሙ ያለን የለም።

ሲያበቃ ቀራጩ መጥቶ፣ መጀመሪያ ላይ ያለውን ጩኸት ልቁረጠው ወይስ ልተወው ብሎ ጠየቀኝ። ምን ማለት እንደሆነም ጠየቀ። «ደስ ብሎት ነው» አልሁት። «እንግዲያው ይኑር፣ ያምራል» አለ። እኔም ይኑር አልሁ።

ጋሽ አዱኛ ሣጥናቸው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን በመሐረብ ጠራርገው «ዛሬ ያጠፋሁት አላገኘሁም፤ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ደሳለኝ?»

«እኔም የለኝም ጋሼ» አልሁ።

የቀሩትን ዝግጅቶች ጨርሰን ረቡዕ ተነሣን። ሰልስቷም ሰባቷም አልፏል። ከባሕር ዳር በአንበሳሜ በኩል በመኪና ስንመጣ ጋሽ አዱኛ የገዙትን የሕፃን ሹራብ አውጥተው ለሾፌሩ አሳዩት። ሾፌሩ የአገር ሰው ነው፤ መርዶውን ሰምቶ ኖሮ መንገዱን ትክ ብሎ አየ። ዓርብ አመሻሽ ደብረ ታቦር ቤታቸው አስገባኋቸው። አባ እንየው ከአጥር ውጭ ጠብቀው «ምነው እንዲህ ዘገየህ?» አሉኝ። «ትኬት አጣሁ አባ» አልሁ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ በአሥራ ሁለተኛ ቀኗ፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን በሩን አንኳኳን። ጋሽ አዱኛ ራሳቸው ከፈቱ። ሰዉን አዩ፣ እብናት መሆን የነበረባቸውን አባ እንየውን አዩ። «ልጄ ናት?» አሉ። የሚነግራቸው አላስፈለገም። ሲወድቁ ከያዟቸው እጆች ሁለቱ የእኔ ነበሩ።

በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን አጠገባቸው አስቀምጠው «አንተ መቼ ሰማህ?» አሉኝ። «ልንነሣ ስንል፣ በዋዜማው ነው ጋሼ» አልሁ። ጉልበቴን መታ መታ አደረጉና «ብቻህን ተሸክመህ አመጣህልኝ፣ ልጄ» አሉ። ያን እጅ ዛሬም ጉልበቴ ላይ ይሰማኛል። ያኔ ብናገር ኖሮ እላለሁ። አልተናገርሁም።

እንዲወጣ ያደረጉት አባ እንየው ናቸው፤ ያውም ሊያመሰግኑኝ ብለው። በአርባዋ ተዝካር ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ደሳለኝም ብዙ ተጨነቀ። በዕለቱ ነው የደወልሁለት፤ ትኬት አጥቶ ስንት ቀን ባዕድ አገር ምሥጢር ይዞ መክረም ቀላል አይደለም» አሉ። ጋሽ አዱኛ የያዙትን ጠላ አስቀመጡ።

«በዕለቱ?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፤ «ቅዳሜ ስንነፋ ታውቅ ነበር?»

ያስቀመጡትን ጠላ አየሁ። ጥያቄውን አልደገሙትም። ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ እኔም ከተዝካሩ መሀል ወጥቼ ሄድሁ። ሳክስፎኑን ከዚያ በኋላ እንዳልነኩት ከሰው ሰማሁ። ልሰናበታቸው ብሄድ፣ ብጽፍ፣ ሰው ብልክ፣ መልስ የለም።

አልበሙ ወጣ፤ ተወደደ። አሳታሚው የላከልኝን አንድ ጽሑፍ አስተርጉሜ አንብቤዋለሁ፤ ከሁሉ የመጨረሻው ዜማ የሚበልጥ እንደሆነና እንዲህ ያለ ደስታ በቀረጻ ላይ እምብዛም እንደማይሰማ ይናገራል። በእሱ ምክንያት ስድስት ዓመት እየዞርሁ ነፋሁ። በየመድረኩ «የእብናት እንግዳ»ን ይጠይቁኛል። አንድም ቀን አልነፋሁትም። ቡድኑ ተቆጣኝ፣ አዘጋጆች ተቆጡኝ፤ ከንፈሬ አይችለውም አልሁ። በኋላ ጥርሴ እውነት አደረገልኝ።

ጡረታ ወጥቼ ደብረ ታቦር ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት ሽማግሌ መላክ ነው። ሁለት ጊዜ መለሷቸው፤ በሦስተኛው ይምጣ አሉ። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። አባ እንየው ጸሎት አደረሱ። ጥፋቴን ጮክ ብዬ ተናገርሁ፤ ማክሰኞ መስማቴን፣ መስመር የለም ማለቴን፣ ትኬት አጣሁ ማለቴን፣ ዋዜማ ማለቴን። ጋሽ አዱኛ ሰምተው ሲጨርሱ «ይቅር ለእግዜር፤ ድንጋዩን አውርዱለት» አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁን። ጉልበታቸውን ሳምሁ፤ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ዳንሁ ብዬ ነበር።

ሰዉ ሲነሣ «አንተ ቆይ» አሉኝ። ሁለታችን ቀረን።

«ያን የቀረጽነውን ሰምቼው አላውቅም። ይዘኸዋል?»

«ስልኬ ላይ አለ ጋሼ። ግን ይቅርብዎ።»

«ክፈተው።»

ከፈትሁት። የድራመሩ ዱላ ሲነካካ ተሰማ፤ ቀጥሎ የእሳቸው ድምፅ፤ «እልል በሉ እንጂ፣ አያት ልሆን ነው!» ዜማው ሲጀምር እጃቸውን አነሡ፤ አቆምሁት።

«መልሰው።»

መለስሁት። አንገታቸውን ወደ ስልኩ አቀረቡ። ጆሯቸው እንደ ድሮው ነው።

«ከእኔ ቀጥሎ የሚስቀው ማነው?»

ስድስት ሰው ነበርን። ድራመሩ ነው ማለት እችል ነበር፤ አሁን አውሮፓ ነው፣ ማንም አይጠይቀውም። መዋሸት ግን ሰለቸኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ለይምሰል ነው?»

ለብዙ ዓመት ለራሴ እንዲያ ብዬዋለሁ። እንዳይጠረጥሩ ብዬ ነው የሳቅሁት ብዬ። ግን እሳቸው ፊት ተቀምጬ ሳስበው፣ ያ ሳቅ አልተዘጋጀም። ሲጮኹ ደስታቸው ያዘኝ። ለዚያች አፍታ ጥሩወርቅን ረስቻት ነበር። ያዘልኋት ልጅ በአምስተኛ ቀኗ ከአፈር በታች ሆና፣ እኔ ረስቻት ነበር።

«አይደለም። የእውነት ነው» አልሁ።

ስልኬን አንሥተው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ፤ ሰው ለእንግዳ ነገር ሲሰጥ እንደሚያደርገው።

«ይቅር ያልሁት ዝም ያለውን ሰው ነው» አሉ። «ያን ይቅር ብያለሁ፤ በሰው ፊት ያልሁትን አላጥፍም። የሚስቀውን ግን ይቅር አላልሁም።»

ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም። ቤታችን የሚለያየው በአንድ መንገድ ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፤ እጅ እነሣቸዋለሁ፣ «እንደምን አደርህ» ይሉኛል፤ ከዚያ በኋላ የምንባባለው ነገር የለንም።